በሽተኛን በሐሰት ማስታመም እንደማይገባ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለውን ምሳሌ በአገራችን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን በአፉ የሚናገረው ሁሉ በሥራው ይጠብቀዋል ማለት አይደለም። ይልቁንም ደግነት የመሰለ ሐሰት በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ሲነገር፣ ሰሚው ሁሉ በጎ ሥራ አድርጎ ይቈጥረዋል እንጂ የሚገሥጽ አይገኝም። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገርበት ያሰብነው ነገር ይኸው ነው፤ ይኸውም በላሊበላና በላስታ ደጋ፣ በጾም ወራት በነርስና በበሽተኛ መካከል ስለሚያልፈው ትንሽ ሐሰት፣ ደግሞም የሐሰቱ ዋነኛ ተጠያቂ ማን እንደ ሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽተኛው መድኃኒቱን በእጁ ይዞ፣ «ሲስተር፣ ይህ የጾም ነው ወይስ የፍስክ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። የብዙው እንክብል ልባስ ጄላቲን ከሚባል፣ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ከሚወጣ ሙጫ የተሠራ ነው። እጅግ ለከሱ ሕፃናትና ለአንዳንድ ዐዋቂ በሽተኞች የሚሰጠው ፕላምፒ ነት የተባለው ምግብም ከለውዝ፣ ከዘይትና ከስኳር ጋራ የወተት ዱቄት አለበት። ነርሷ ይህን ታውቃለች። እውነቱን ብትናገር በሽተኛው መድኃኒቱን ጥሎ እንዳይሄድ ትፈራለች፤ ብትዋሽ የተሰጣትን አደራ ትበላለች። ከበሽተኛው ኋላ ደግሞ ብዙ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ስለዚህ «የጾም ነው፣ እናቴ፤ ይዋጡት» ብሎ ማለፍ ከሁሉ የቀለለ መንገድ ሆኖ ይታያል፤ በዚህም መንገድ የሚያልፉ አሉ።

ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ባልተናገርንበት ነበር። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያናችን አጽዋማት ሰባት ናቸው፤ ምእመናን በዓመት 180 ያህል ቀን፣ ሁሉንም የሚጾሙት ካህናትና መነኮሳት ደግሞ 250 ያህል ቀን ይጾማሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሳይቋረጥ 6 ወር ይወሰዳል፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ዕድሜ ልክ ነው። ዘጠኝ ወር የምትሸከም ሴትም ከዐቢይ ጾም ብታመልጥ ከጾመ ነቢያት አታመልጥም። እንግዲህ ጾም በሌለበት ወቅት ብቻ መታመም የማይቻል ስለ ሆነ፣ ነርሷ ይህን ጥያቄ ዕለት ዕለት ትገናኘዋለች።

በላሊበላ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ለልደት በዓል ብዙ ሺሕ ሕዝብ ከሩቅ አገር በእግሩ ዳገትና ቍልቍለት እያቋረጠ ወደዚያ ይጎርፋል፤ የሚመጣውም በጾሙ መጨረሻ፣ ሰውነቱ ደክሞ ሳለ ነው። በቤተ ማርያም ቅጥር ውስጥ ካለው ኵሬ ልጅ ያጡ ሴቶች በእምነት ይጠመቃሉ። ልብ አድርጉ። ዘንድሮ በዚያ ውሃ ተጠምቃ ማኅፀኗ የተባረከላት ሴት፣ በከርሞው ጾም ምናልባት ነፍሰ ጡር ሆና በጤና ጣቢያው በር ትቆማለች። ልጁን ከእግዚአብሔር የለመነችላት ቤተ ክርስቲያን፣ ልጁ በማኅፀን ሳለ እናቲቱ ምን እንደምትበላ ሳትነግራት ብትቀር፣ የጀመረችውን በጎ ሥራ መካከሉ ላይ ትታዋለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ መጽሐፍ ዐዋቂ የሆነ ሰው ተነሥቶ፣ «ሁለቱ የዕብራውያን አዋላጆች ለፈርዖን እውነቱን አልነገሩትም፤ እግዚአብሔር ግን መልካም አደረገላቸው። ነርስ ነፍስ ለማዳን ብትዋሽ ምን ነውር አለው?» ይለን ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው። አዋላጆቹ እውነቱን የሸሸጉት ሕፃናቱን ሊገድል ከተነሣ ንጉሥ ነው፤ የወለደችውን እናት ግን አላታለሏትም። ፈርዖን ጠላት ነው፤ በሽተኛ ግን ራሱን በእጅሽ ያኖረ ወዳጅ ነው። ለገዳይ እውነትን መንሣትና ለታማሚ እውነትን መንሣት በምን ይመሳሰላሉ? ሰው ስእለቱንና ጾሙን ሳያውቅ እንዲያፈርስ ማድረግ ገንዘቡን ተኝቶ ሳለ እንደ መውሰድ ነው።

ደግሞም ሐሰቱ ያድናል ብለው ያሰቡት ሰዎች ተሳስተዋል። አንዲት ሴት በሐሰት መዋጧን ከጊዜ በኋላ ከሌላ ሰው ብትሰማ፣ ለጎረቤቷ ሳትነግር አታድርም። ከዚያ በኋላ ነርሷ፣ «ሳሉ ቢተውህም የነቀርሳውን መድኃኒት ስድስቱን ወር ጨርስ፤ አቋርጠህ ብትተወው በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል» ብላ እውነተኛውን ነገር ስትናገር የሚያምናት ማን ነው? እምነት የጎደለበት ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሞልቶበት ሳለ ባዶ ቤት ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋራ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2006 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ ቍጥር 299 ለታካሚ ስለሚደረግለት ሕክምና እንዲነገረውና ፈቃዱ እንዲጠየቅ ያዛል። የነርሶችን ሙያ በሥርዐት ያቆመችው እንግሊዛዊት ፍሎረንስ ናይቲንጌልም እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በሽተኛን በባዶ ተስፋና በከንቱ ምክር የሚደልሉትን ሰዎች አጥብቃ ወቅሳለች። ስለዚህ የሐሰቱ መንገድ በሃይማኖትም፣ በሕግም፣ በሙያም የተዘጋ ነው።

ነገር ግን ነርሷን ብቻ ወቅሰን ብንተው ፍርዳችን አድላዊ ይሆናል። ይህች ሴት ወደ ሐሰት የተገፋችው ለምንድር ነው? እውነቱን ብትናገር ከኋላዋ ቆሞ፣ «አዎን፣ ልጄ፣ እንዳለችሽ አድርጊ፤ ቤተ ክርስቲያን ፈቅዳልሻለች» የሚል የንስሐ አባት ስለሌላት ነው። ስለዚህ በግልጽ እንናገራለን፤ የነርሷ ሐሰት የሚወለደው ከካህኑ ዝምታ ነው።

ሕጉ ሳይጻፍ ቀርቶ አይደለም። የጾም ሥርዐት በፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ተዘርዝሯል። በሐዋርያት ስም የሚጠራው ቀኖናም የማይጾመውን ካህን ከሹመቱ ይሻር ብሎ ሲያዝ፣ በሥጋ ድካም የተከለከለውን ለይቶ ያወጣዋል። ጥንቱን ለካህን እንኳ እንዲህ ከተፈቀደ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ፣ በነቀርሳ ለተያዘ ድኻ ምን ያህል ይገባ ይሆን? ሲራክ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ ያስተምራል። ነቢዩ ኢሳይያስ በሕዝቅያስ ቍስል ላይ የበለስ ጥፍጥፍ አስደርጓል። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ይህን ሁሉ አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ እንግዲያስ በዐደባባይ የማይነገረው ስለ ምንድር ነው?

«ፈቃድ በዐደባባይ ከታወጀ ጤነኛውም ታምሜአለሁ እያለ ጾሙን ይሽራል» የሚል መልስ እንሰማለን። ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው አንልም። ነገር ግን ሰነፉ ፈቃድ ሳይጠብቅም ይሽራል፤ ፈቃድ የሚጠብቀው እግዚአብሔርን የሚፈራው ነው። ስለዚህ በዝምታችን የምንቀጣው ታማኙን ብቻ ነው። ደግሞም በንስሐ አባት ምክርና በልክ የሚሰጥ ፈቃድ የጾም ሥርዐት ክፍል እንጂ የጾም መሻር አይደለም።

የአንድ ቃል ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነም አይተናል። በ1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት በጀመረበት ዘመን፣ በእንጦጦ ማርያም ጠበል ብዙ ሕመምተኞች ተሰብስበው ሳለ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ መድኃኒት መዋጥ ጠበሉን መካድ ይመስላቸው ነበር። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ፣ መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ በግልጽ ተናገሩ። ነርሶች ብዙ ደክመው ሊናገሩት የማይችሉትን ነገር አባት በአንድ ቃል ተናገሩት። በእንጦጦ የተነገረው ቃል በላስታ በየአጥቢያው ይደገም ዘንድ የሚከለክል ምን አለ?

እንግዲህ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ፣ ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ ቆሞ፣ ታማሚ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ፣ መድኃኒትም እንዳያቋርጡ ይንገር። ሁለተኛ፣ ነርሷ ስትጠየቅ እውነቱን ትናገር፤ በሽተኛው ሲፈቅድላት ብቻም የንስሐ አባቱን ታማክር፤ ያለ ፈቃዱ ምሥጢሩን ለካህን እንኳ ልታወጣ አይገባትምና። ሦስተኛ፣ በሽተኛው እውነቱን ሰምቶ እንቢ ቢል፣ «ጾምህን ተውና ብላ» ብሎ መዘባበት አይገባም። ይህ ትዕቢት ከሐሰት የማይሻል ነው። ነገር ግን በእንክብሉ ፈንታ ልባስ የሌለው ክኒን ካለ ይፈለግለት፤ የሚዋጥበት ሰዓት ለመቍረብ የሚመች እንዲሆን ከሐኪሙ ጋራ ይታይለት፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ለውዝና ዘይት እንዲያዘወትር ይመከር። ከዚህ በኋላ ምርጫው የርሱ ነው፤ ነርስ አስታማሚ እንጂ በነፍሱ ላይ ገዥ አይደለችምና።

አባቶቻችን ሆይ፣ በላስታ ዐለት ፈልፍለው ቤተ መቅደስ ያቆሙ ሰዎች ልጆች ነን። ያ ሥራ ከድንጋይ ጋራ ብዙ መታገልን ጠይቋል፤ እኛ የምንለምነው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው። ያ ቃል እስኪነገር ድረስ በየጤና ጣቢያው የሚነገረው ሐሰት ዕዳው በነርሷ ላይ ብቻ አይቈጠርም። እግዚአብሔር ለሚያስታምሙ እውነትን፣ ለሚያስተምሩ ድፍረትን፣ ለታመሙት ሁሉ ምሕረትን ይስጥልን።