ከኮረብታው ውበት ገበሬው ምን ያተርፋል?

በዛሬው ጊዜ እየተለመዱ ከመጡት የጉብኝት ዓይነቶች አንዱ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ጉዞ ነው። ከስድስት እስከ አሥር የሚደርሱ ሰዎች፣ ልምድ ያለው አንድ ፎቶግራፍ አንሺ እየመራቸው፣ ካሜራቸውንና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያቸውን ተሸክመው በእርሻ አገር ይዘዋወራሉ። ጎሕ ሳይቀድ ከኮረብታ ላይ ወጥተው ይጠብቃሉ። ፀሐይ ስትወጣና ልትጠልቅ ስትል ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የእያንዳንዱ ጉብታ ጥላ ይረዝማል፤ ማሳውም ጥለት እንደ ገባበት ልብስ ተነጥፎ ይታያል። ቀትር ሲሆን ጥላው ስለሚጠፋ ካሜራቸውን አስቀምጠው ያርፋሉ።

እነዚህ መንገደኞች ላነሡት ነገር የሚሰጡት ስም ብዙውን ጊዜ «ተፈጥሮ» የሚል ነው። ይሁን እንጂ በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው የትልም መስመር፣ የማሳው ወሰን፣ የውሃ መውረጃው፣ የአውድማው ክብ፣ ተራ በተራ የቆመው የገብስና የባቄላ አዝመራ ሁሉ የሰው እጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በየገጠር ቀበሌው፣ እስከ ዛሬም በብዙ ቦታ ገበሬ ማኅበር እየተባለ በሚጠራው፣ ኃላፊነት የተቀበሉትን መሪዎች በቀጥታ ይመለከታል። የመሬቱ መልክ ተነሥቶ ሲወሰድ ለባለ ማሳው ምን ይቀርለታል? ከዚህም በላይ፣ በፎቶግራፉ ላይ ያማረው መሬት በእርግጥ ጤነኛ ነው ወይ? ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ላይ ሊታሰብባቸው ይገባል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ምሥራቃዊ ክፍልና በአይዳሆ አዋሳኝ የሚገኘው ፓሉስ የተባለው የእርሻ አገር ነው። በጥንቱ የበረዶ ዘመን ነፋስ እያመጣ የከመረው ደቃቅ አፈር የባሕር ማዕበል የሚመስሉ ኮረብታዎችን ሠርቷል። ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስር፣ አተርና ሽምብራ ይመረትበታል። በመካከሉ ስቴፕቶ የሚባል፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,101 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ብቻውን ቆሟል፤ እየዞረ እስከ ጫፉ የሚያወጣ የመኪና መንገድ አለው። የፎቶግራፍ ጓዶች በሰኔ ለአረንጓዴው ቡቃያ፣ በነሐሴ ለወርቃማው አዝመራ ሲሉ ከዚህ ተራራ ጫፍ ላይ ይሰለፋሉ።

ከዚያ ጫፍ ቁልቁል የሚመለከት ሰው፣ መሬቱ ታርሶ ባዶውን በሆነ ጊዜ፣ ከጥቁር ቡናማው ማሳ መካከል በየኮረብታው አናት ላይ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ መልክ ያያል። ፎቶግራፍ አንሺው ይህን የቀለም ልዩነት ይወደዋል። የአፈርን ጠባይ የሚያውቅ ገበሬ ግን ሲያየው ይደነግጣል፤ ያ ነጣ ያለው ቦታ የላይኛው ለም አፈር ተጠርጎ የታችኛው ሸክላ ገጥጦ የወጣበት ነውና። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ጥናት እንደተመለከተው፣ በፓሉስ ከሚታረሰው መሬት 10 በመቶው የጥንቱን የላይኛ አፈር ጨርሶ አጥቷል። ሌላው 60 በመቶ ደግሞ ከላይኛው አፈር ከአንድ አራተኛ እስከ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን አጥቷል። ይህ ሁሉ የሆነው የስንዴ እርሻ በአካባቢው ከተስፋፋ በመቶ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ነው።

ምክንያቱ ለማንም ገበሬ ግልጽ ነው። ማሳው ተዳፋት ነው። መሬቱ ለክረምት ስንዴ ተብሎ ከታረሰና ከለሰለሰ በኋላ ሽፋን ሳይኖረው ዝናብና የሚቀልጥ በረዶ ይወርድበታል። ከውሃው ሌላ ማረሻው ራሱ ጥፋት አለው፤ አፈሩን በየዓመቱ ወደ ታች እየገለበጠ በመጣሉ የኮረብታው አናት እየሳሳ ሄዷል። ማዳበሪያ በርክቶ፣ የተሻሻለ ዘር ተገኝቶ ምርቱ ባለመውደቁ ጉዳቱ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆይቷል። በዚያ አገር ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ወዲህ የእርሻ ተመራማሪዎችና ገበሬዎች ተባብረው መፍትሔ ሲፈልጉ ቆይተዋል። የአጨዳውን ቅሪት መሬት ላይ መተው፣ የተዳፋቱን ወገብ ተከትሎ ማረስ፣ ማሳውን በሰብል ዓይነት መከፋፈል፣ በአንዳንዱም ቦታ ሳያርሱ መዝራት ከተገኙት ዘዴዎች ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የፓሉስ ኮረብታ ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ በየግድግዳው ተሰቅሏል። የአፈሩ ጉዳት በዚያው ፎቶግራፍ ላይ ተጽፎ ሳለ ብዙው ተመልካች ያነበበው ቀለሙን ብቻ ነው። ፎቶግራፉ አልዋሸም፤ የጎደለው ንባቡ ነው። ይህን ንባብ ደግሞ ከመንገደኛው ይልቅ ባለ ማሳው ያውቀዋል።

ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። እዚህ መሬቱ የታረሰው ለመቶ ዓመት ሳይሆን ለብዙ ሺህ ዓመታት ነው፤ ዳገቱም ከፓሉስ ኮረብታ የባሰ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው የደጋ መሬት ጥናት፣ 27 ሚሊዮን ሄክታር የሚያህል መሬት ጉልህ በሆነ ሁኔታ መሸርሸሩን፣ ከዚህም ውስጥ 14 ሚሊዮን ሄክታሩ ክፉኛ መጎዳቱን፣ ከ2 ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጠውም ለእርሻ እንዳይመለስ ሆኖ መጥፋቱን ገልጿል። ከአርሲና ከባሌ የስንዴ አገር ጀምሮ እስከ ጎጃም፣ ወሎና ትግራይ ድረስ፣ ፎቶግራፍ አንሺ የሚቆምላቸው ተረተሮች ይህንኑ ሒሳብ የተሸከሙ ናቸው።

ፎቶግራፍ ይህን ሒሳብ ለመመርመር ምን ያህል እንደሚጠቅም በዚሁ በኢትዮጵያ ተፈትኖ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1868 በናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። እነርሱም በመንገዳቸው ላይ ያገኙትን ተራራና ሸለቆ አነሡ። ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ የቤልጅጉ ያን ኒሰንና የሥራ ባልደረቦቹ፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጭምር፣ ያንኑ ቦታ እየፈለጉ በዚያው አቅጣጫ እንደገና አነሡት፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። የተገኘው ነገር ብዙዎችን ያስገረመ ነው። መሬቱ በ1868ም ቢሆን የተራቆተ ነበር። በሕዝቡ ብዛት ላይ ከፍተኛ ጭማሪ ሆኖ ሳለ፣ ሁለተኛው ፎቶግራፍ በተነሣበት ጊዜ በብዙ ቦታ ዛፉና ቁጥቋጦው በርክቶ፣ እርከኑ ተሠርቶ ተገኘ። «መሬቱ ሞቷል፣ ምንም ቢለፋ አይመለስም» የሚለው አነጋገር ትክክል አለመሆኑ በሁለት ፎቶግራፎች ተመሰከረ። ለምስክርነቱ መሠረት የሆነው ድንጋይ የተሸከመው፣ እርከን የሠራው፣ ተዳፋቱን ከከብት ንክኪ የከለለው ገበሬ ነው።

በጎጃም አንጀኒ በተባለው የአፈር ጥበቃ ምርምር ቦታም ተመሳሳይ ትምህርት ይገኛል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በዚያ ፋኛ ጁ የተባለው እርከን ተሠርቷል። በዚህ ዘዴ ከቦዩ የሚወጣው አፈር ወደ ላይኛው በኩል ይጣላል፤ ውሃው የሚያመጣው ደለልም ከጀርባው እየተጠራቀመ፣ ከዓመት ወደ ዓመት ተዳፋቱ ወደ ደረጃነት ይለወጣል። በፓሉስ ማረሻ አፈሩን ወደ ታች ሲጥል፣ በአንጀኒ የገበሬው አካፋ ወደ ላይ መለሰው። የኮንሶ ሕዝብ ደግሞ ይህንን ሙያ ከ400 ዓመት በላይ ይዞ ኖሯል። እስከ 5 ሜትር ቁመት ያላቸው የድንጋይ እርከኖቹ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። የውጭ አገር ፎቶግራፍ አንሺ ኮንሶን የሚፈልገው አባቶች አፈራቸውን ስላላስወሰዱ ነው። ውበቱ ከአፈር ጥበቃው የተገኘ ትርፍ ነው።

እንግዲህ የማኅበር መሪዎች ከዚህ ምን ሊሠሩ ይችላሉ? ከሁሉ የሚቀድመው ማኅበሩ የራሱን ፎቶግራፍ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ዛሬ በብዙ ወጣት እጅ ያለው የስልክ ካሜራ ይበቃል። ተፋሰሱን፣ ቦረቦሩንና የተከለለውን ተዳፋት አሻግረው የሚያሳዩ ሦስት ወይም አራት ቦታዎች ይመረጡ። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ የማይነቀል ድንጋይ ይተከል። በየዓመቱ በግንቦት ዝናቡ ሳይገባ፣ በመስከረም ደግሞ ዝናቡ ሲወጣ፣ ከዚያው ድንጋይ ላይ በመቆም በዚያው አቅጣጫ ፎቶግራፍ ይነሣ። ቀኑና የቦታው ስም ተጽፎበት ታትሞ በማኅበሩ መዝገብ ይቀመጥ። ከአምስት ዓመት በኋላ ቦረቦሩ ሰፋ ወይስ ጠበበ፣ እርከኑ ቆመ ወይስ ፈረሰ የሚለው ክርክር በስብሰባ ላይ ጊዜ አይፈጅም። «የተሠራ እርከን» ተብሎ በሪፖርት የሰፈረው ሁሉ በእርግጥ በመሬት ላይ መኖሩም ይታወቃል።

የፎቶግራፍ ጓድ ወደ ቀበሌው ሲመጣም ይኸው ሥርዓት ያገለግላል። እንግዶቹ የቀበሌው አስተዳደር ካወቃቸው በኋላ፣ አካባቢውን በሚያውቅ የመንደሩ ተወላጅ እየተመሩ ይሂዱ። የአዝመራው ወቅት ለእነርሱ ያማረ ብርሃን ሲሆን ለገበሬው የዓመት ቀለብ ነው፤ ስለዚህ በወሰንና በእግር መንገድ እንጂ በቡቃያ ላይ መርገጥ፣ እርከን ላይ መውጣት፣ ነዶ መነካካት የተከለከለ መሆኑ አስቀድሞ ይነገራቸው። በሬ የሚያስበረግገውና ሕዝብን የሚያሰጋው በራሪ ካሜራ ያለ መንግሥት ፈቃድ እንዲነሣ መፍቀድ አይገባም። የሚያርሰውን አባት፣ የምትወቃዋን እናት ለማንሣት የሚፈልግ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ፈቃድ ካልተገኘ ካሜራውን ይመልስ።

ክፍያውን በሚመለከት ሁለት የተሳሳቱ መንገዶች ይታያሉ። አንዱ፣ ፎቶ በተነሣ ቁጥር እጅ መዘርጋት ነው። ይህ ልጆችን ከትምህርት ገበታቸው አስነሥቶ ከመኪና ኋላ ያስሮጣል፤ አዋቂውንም ሥራውን አስትቶ ለካሜራ እንዲቆም ያደርጋል። ሁለተኛው፣ ምንም ሳይጠይቁ መሸኘት ነው። የዚህ መጨረሻ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው። የተሻለው መንገድ ማኅበሩ በጠቅላላ ስብሰባ የተወሰነ የመግቢያና የመሪ ክፍያ አውጥቶ፣ በደረሰኝ ተቀብሎ፣ ለችግኝ ጣቢያ፣ ለምንጭ ማጎልበት ወይም ለእርከን ጥገና በግልጽ ማዋል ነው። በወሎ ሜቄት ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ተሠርተው፣ በጥቂቱ እየሆኑ ከመንደር ወደ መንደር በእግር የሚጓዙ ጎብኚዎችን ተቀብለዋል። ይህም ገበሬው አስተናጋጅ ሆኖ ሊቆም እንደሚችል አሳይቷል። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት በሰሜኑ ክፍል የጎብኚውን እግር ክፉኛ ማሳጠሩም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የእንግዳ ገንዘብ ሲመጣ ጥሩ ድጎማ ነው፤ ማሳን ትቶ የሚታመኑበት ኑሮ ግን አይደለም።

ከገንዘቡ የማያንስ ሌላ ነገር ከእንግዶቹ ሊጠየቅ ይገባል፤ እርሱም የፎቶግራፉ ቅጂ ነው። ማለዳ ብርሃን ከጎን ሲመታ በሩቅ የተነሣ ጥሩ ፎቶግራፍ፣ በእግር ሲዞሩ የማይታየውን የእርከን መፍረስ፣ አዲስ የተጀመረ ትንሽ ቦረቦር፣ በማሳ አናት ላይ ብቅ ያለውን ነጣ ያለ አፈር ያሳያል። የልማት ሠራተኛው ይህን ይዞ ከገበሬዎቹ ጋር ቢወያይ ከብዙ ንግግር ይበልጥ ይረዳል።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ሁሉ ለሥዕል ነው ወይ? ገበሬው ሌላ ሥራ አለው» ይሉ ይሆናል። ገበሬው ሌላ ሥራ እንዳለው እርግጥ ነው። ነገር ግን የሚጠየቀው በዓመት ሁለት ማለዳ ነው። አፈር የሚሄደው በዝግታ ስለሆነ ዓይን ይለምደዋል፤ በዓመት ውስጥ የሚጠፋው ጥቂት ነው፣ የሚያስደነግጠው ድምሩ ነው። የፓሉስ ገበሬዎች ድምሩን ያወቁት መቶ ዓመት ዘግይተው ነው። በኢትዮጵያ ያለው ተዳፋት ግን እስከዚያ ድረስ የሚቆይ አፈር የለውም።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች የዘንድሮው ዝናብ ከመግባቱ በፊት ድንጋዩን ቢተክሉና የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ቢያስነሡ መልካም ነው። ልጆቻቸው ከዚያው ድንጋይ ላይ ቆመው ሁለተኛውን ሲያነሡ፣ በኮረብታው አናት ላይ የሚታየው መልክ ጥቁር ይሆን ወይም ነጭ፣ የሚወሰነው በመካከሉ ባሉት ዓመታት በሚሠራው ሥራ ነው።