«ቀኑ ደርሶ ነው» አትበሉኝ

የመርካቶ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክረምቱን የማሳልፈው በአጎቴ ሱቅ በር ላይ ካርቶን እየቆጠርኩ ነበር። ከእነዚያ ክረምቶች በአንዱ፣ ማለዳ ላይ የሆነውን ልንገራችሁና ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ኩሊው ጀርባው ላይ ጆንያ ጭኖ ጎንብሷል። ሸክም ያጎነበሰው ሰው የሚያየው ከእግሩ ፊት ያለችውን ሁለት ክንድ መሬት ብቻ ነው። «መንገድ! መንገድ!» እያለ በአስፋልቱ ላይ ይሄዳል። በእግረኛ መንገዱ ላይማ የአጎቴና የጎረቤቶቹ ካርቶን ተደርድሯል። በዚያው ሰዓት አንድ አይሱዙ ዕቃ ሊያራግፍ ወደ ኋላ ይመጣል። ረዳቱ ከኋላ ቆሞ «ና! ና! ና!» ይላል፤ ዓይኑ ያለው ጎማውና የሱቁ በር ላይ ነው። ሾፌሩ በስፖኪዮ የሚያየው የረዳቱን እጅ ነው። ኩሊው የሚያየው መሬት ነው። ሦስቱም ሥራቸው ላይ ነበሩ።

እግሩ ጎማ ስር ገባ።

ትራፊክ መጣ። ሜትር ተዘረጋ፣ አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ተሰመረ፣ ወረቀት ተሞላ፣ ሾፌሩ ተወሰደ። መንገዱ ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ ሌላ አይሱዙ እዚያው ቦታ፣ በዚያው አኳኋን ወደ ኋላ እየመጣ ዕቃ አራገፈ። ሰዉ ምን አለ? «ቀኑ ደርሶ ነው፤ እንኳን ነፍሱ ተረፈች።» አጎቴም ከልቡ አዝኖ ይህንኑ አለ። ካርቶኑን ግን አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ሰውየው ከዚያ በኋላ ሸክም አልተሸከመም። እኔም ከዚያ በኋላ «አደጋ» የሚለውን ቃል በሰላም መስማት አልቻልኩም።

ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀምጠው። በዚህች ከተማ የትራፊክ አደጋን የሚመዘግብ አለ፣ የሚዘግብም አለ። የሚመረምረው ግን የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ምርመራችን ጥፋተኛው ሰው ሲገኝ ያበቃል። የፖሊስን ሪፖርት የሚከታተል ሁሉ ዓምዶቹን በቃሉ ያውቃቸዋል፦ ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት፣ ርቀትን ጠብቆ አለማሽከርከር፣ ከፍጥነት ወሰን በላይ መንዳት፣ ጥንቃቄ የጎደለው አነዳድ። ሁሉም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ሁሉም የአንድን ሰው የአንድ ቅጽበት ጥፋት የሚናገሩ ናቸው። እግረኛው አስፋልት ላይ ለምን ወረደ? መኪናው በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ያደርጋል? በዚያ ቦታ ስንተኛው ሰው ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ዓምድ በሪፖርቱ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

እንዲህ ዓይነቱን ምርመራ አንችልበትም እንዳትሉኝ። ችለን አሳይተናል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። ከወራት በፊት በኢንዶኔዥያ ያው ዓይነት አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው አልቆ ነበር። ያኔ ከአሜሪካ በኩል ጣታቸውን በአብራሪዎቹ ላይ የቀሰሩ ነበሩ። እኛ ምን አልን? «ልጆቻችንን አትወንጅሉ፣ ማሽኑን መርምሩ» አልን። አገር በሙሉ ተቆጣ። የመረጃ ሳጥኖቹ ፈረንሳይ ተልከው ተነበቡ። አንድ ወር ሳይሞላ በወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት አብራሪዎቹ የታዘዘውን ሥርዓት እንደተከተሉ ተገለጸ። አውሮፕላኑ ላይ የተገጠመው ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ከአንድ መለኪያ በመጣ የተሳሳተ መረጃ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋ እንደነበር ዓለም አወቀ። ማክስ የተባለው አውሮፕላን በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ። «ቀናቸው ደርሶ ነው» ብለን ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው አውሮፕላን መውደቁ አይቀርም ነበር።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመንገድ ደህንነት ሪፖርት እንደተጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትዮጵያ ያሳወቀችው የትራፊክ ሟች ቁጥር 4,352 ነው። የድርጅቱ የራሱ ግምት ደግሞ 27,326 ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ6 እጥፍ በላይ ነው። ትንሹን ቁጥር እንመን ብንል እንኳ፣ ለ157 ስታካፍሉት በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሙሉ አውሮፕላን ይወድቃል ማለት ነው። ትልቁን ብናምን በየሁለት ቀኑ አንድ። በአዲስ አበባ ብቻ በዓመት ከ400 ወዲያና ወዲህ ሰው ይሞታል፤ ከአሥሩ ስምንቱ ገደማ መኪና ውስጥ ያልነበሩ እግረኞች ናቸው። ለአውሮፕላኑ «አብራሪውን ተዉት፣ ማሽኑን መርምሩ» ያልን ሰዎች ለእነዚህ የምንለው ምንድን ነው? «ሾፌሩ ባለጌ ነው፣ እግረኛውም አያይም።» አለቀ።

ችግሩን አናውቀውም አይባልም። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣ ሕዝብ ምን እንደሚገድለው ያውቃል። ያላደረገው ነገር ቢኖር ጥያቄውን ከሾፌሩ አልፎ ወደ መንገዱ ባለቤት ማድረስ ነው።

እስቲ መርካቶን እንደ ወደቀ አውሮፕላን እንመርምራት።

አንደኛ፣ የእግረኛ መንገድ። ከአንዋር መስጊድ እስከ ራጉኤል፣ ከምናለሽ ተራ እስከ ሸራ ተራ በእግራችሁ ሂዱና በእግረኛ መንገድ ላይ የተራመዳችሁትን እርምጃ ቁጠሩ። የቀረውን የተራመዳችሁት አስፋልት ላይ ነው። እግረኛ መንገዱ የሱቅ መጋዘን ሆኗል። ይህን ያደረገው መንግሥት አይደለም፤ እኛ ነን፣ የመርካቶ ነጋዴዎችና ልጆቻቸው። ኪራይ የማንከፍልበትን ቦታ ወስደን እግረኛውን ከመኪና ጋር አጋፋነው። ከዚያ ሲገጭ እናዝናለን።

ሁለተኛ፣ ደንብ አስከባሪ። ደንቡ በማን ላይ ነው የሚጠነክረው? ካልሲ በእጁ ይዞ በሚዞረው ልጅ ላይ። «ደንብ መጣ!» የሚለው ድምፅ ሲሰማ ልጁ ሸራውን ጠቅልሎ የሚሮጠው ወዴት ነው? ወደ አስፋልቱ። ግራ ቀኝ የሚያይበት ጊዜ የለውም። በዚያው እግረኛ መንገድ ላይ አሥር ካርቶን ከቦታው ሳይነቃነቅ ይውላል፣ ባለቤቱ ሱቅ ስላለው። መንገድ ለማስለቀቅ የወጣ ደንብ ሰውን ወደ መኪና የሚያባርር ከሆነ ደህንነትን ሳይሆን ገጽታን ነው የሚያስከብረው።

ሦስተኛ፣ ማራገፊያ። ጭነት የመርካቶ ደም ነው፤ ጭነት ይቅር የሚል ሰው መርካቶን አያውቃትም። ግን የጭነት መኪና ገበያተኛው በፈላበት ሰዓት፣ በሰው መሃል፣ ወደ ኋላ እየሄደ ማራገፍ አለበት የሚል ሕግ ከሰማይ አልወረደም። ሰዓት መወሰን፣ ማራገፊያ ቦታ ማስመር፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን በጋሪ ማድረስ ይቻላል። ሾፌሩን በቅጣት ብታስጨንቁት የትም አያደርስም፤ ሌላ ማራገፊያ አልሰጣችሁትም።

አራተኛ፣ ፍጥነት። ቀን ቀን በገበያው እምብርት መኪና ይዳክራል እንጂ አይሮጥም፤ እዚያ የሚደርሰው እግር መጨፍለቅና ከሸክም ጋር መገፋት ነው። ግድያው የሚጠብቀው ዳር ዳር ነው፤ መንገዱ ሰፋ በሚልበት፣ ሾፌሩ ከመጨናነቁ ወጥቶ «እፎይ» ብሎ ነዳጅ በሚረግጥበት። አውቶቡስ ተራ ገና ሳይነጋ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ ሲያቋርጥ አስፋልቱ ባዶ ነው፤ ባዶ አስፋልት ደግሞ ያስከንፋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ሰው አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ 17 ሜትር አልቋል። በ30 ቢሆን 8 ሜትር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር የሚገድል ግጭት በ4 በመቶ ይጨምራል። ይህ ከፊዚክስ ነው፤ በስብከት አይለወጥም። ፍጥነትን የሚቀንሰው ጠበብ ያለ መታጠፊያ፣ ከፍ ያለ ማቋረጫ፣ መሃል ላይ ያለ ማረፊያ ደሴት ነው።

«ድሃ አገር ነን» የሚል ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለእሱ መልሱ ከመርካቶ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2017 አካባቢ ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀለምና ድንጋይ ብቻ ተጠቅመው ማዕዘኖቹን አጠበቡ፣ የእግረኛውን ማቋረጫ አሳጠሩ። በዚሁ መንገድ የእኛው ሰባተኛም ተነካች። ቢሊዮን ብር አልጠየቀም። ቀለም ግን ሙከራ ነው፤ ጎማ ይበላዋል። ሙከራው የሚሠራ ከሆነ ወደ ድንጋይና ኮንክሪት ተቀይሮ ወደሚቀጥለው መስቀለኛ መንገድ መሄድ ነበረበት። እኛ ግን አንድ ጥሩ ነገር ሠርተን ፎቶ ተነስተን እንቆማለን።

የገንዘቡን ነገርማ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ አፉን አዘግቶታል። ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር በወራት ውስጥ ሊሠራ እንደሚችል በዓይናችን አይተናል። የሚቀረው ጥያቄ የቅደም ተከተል ነው፦ ሰፊው እግረኛ መንገድ መጀመሪያ የሚገባው እይታው የሚያምርበት ቦታ ነው ወይስ እግር የሚበዛበት? እግር የሚበዛበት ከሆነ ከመርካቶ የሚቀድም ማነው?

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ላስምር። ይህን የምጽፈው ነገ መርካቶን በግሬደር ማስተካከል ለሚያምረው ሰው ሰበብ እንድሆን አይደለም። ሰውን ከመኪና ለማዳን ሰውን ከገበያው ማፈናቀል መድኃኒት አይደለም። መርካቶ ራሷ በውሳኔ የተሠራች ናት፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ ነው እዚህ ያመጣው። በዚያን ጊዜ ውሳኔው ለሕዝቡ ተብሎ አልነበረም። የአሁኑ ውሳኔ ግን ለሕዝቡ ሊሆን ይችላል፤ ሱቁ ባለበት፣ ነጋዴው ባለበት፣ ኩሊው ባለበት።

«ታዲያ ሾፌሩ ነጻ ይውጣ?» ለምትሉኝ፦ አይውጣ። ጠጥቶ የነዳ፣ ገጭቶ ያመለጠ በሕግ ይጠየቅ። ግን ሾፌር በማሰር ብቻ ሞት የሚቀንስ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ቀንሶ ነበር። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1997 በፓርላማዋ የወሰነችው መርህ ይህ ነው፦ ሰው መሳሳቱ አይቀርም፤ መንገድ የሚሠራው ግን ያ ስህተት ሞት እንዳያስከትል ነው። ተጠያቂነቱ ከሾፌሩ ጀምሮ መንገዱን እስከነደፈው ድረስ ይሄዳል።

የእኛ ግን ኩሊው ላይ ይቆማል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለአስቸኳይ ሕክምና የመደበው እስከ 2,000 ብር፣ ለሞት ካሳ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር። ሰው እንዲህ የረከሰበት ቦታ ማን ነው መንገድ የሚያስተካክለው? መግደል ከማስተካከል ሲረክስ ሁሌም መግደል ይቀጥላል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

1. የአዲስ አበባ ፖሊስና የትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን በየዓመቱ በየክፍለ ከተማው ሰው በብዛት የተገደለባቸውን አሥር ቦታዎች በስም ያውጡ። ከእያንዳንዱ ቦታ ጎን መቼና በማን እንደሚስተካከል ይጻፍ። በዓመቱ እንጠይቃለን።

2. አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የመርካቶን ማራገፊያ ሰዓትና ቦታ ከነጋዴው፣ ከጫኝና አውራጁና ከሾፌሩ ጋር ተቀምጦ ይወስን። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ቢያንስ ጥቂት መንገዶች ለእግረኛና ለጋሪ ብቻ ይተዉ።

3. እኛ የመርካቶ ሰዎች ደግሞ ካርቶናችንን እናንሳ። ይህኛው በጀት አይፈልግም፣ ስብሰባም አይፈልግም።

ያ ኩሊ ያለፈበት ቦታ ዛሬም ካርቶን አለ። ባለሱቁ ተቀይሯል፣ ካርቶኑ አልተቀየረም። ነገ ጠዋትም አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ «መንገድ! መንገድ!» እያለ በዚያ ያልፋል፤ ከኋላው ደግሞ «ና! ና!» የሚል ድምፅ አለ። የሆነ ነገር ሲሆን «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ቀኑን ያቀረብነው ግን እኛ ነን።

በሠፈራችሁ ሁሉም ሰው «እዚያ ጋ አደጋ አይጠፋም» የሚለው ቦታ የት ነው? ቦታውን ከታች ጻፉልኝ። መንግሥት ዝርዝሩን እስኪያወጣ እኛ እንጀምረው።