ለእንስሳ የሚራራ ሰው አይቆጣም ያለው ማን ነው?

«ለዶሮ የምትራሪ ሰው እንዴት በሰው ትቆጪያለሽ?» ይህን ጥያቄ ያልሰማ ቪጋን አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። አንድ ሰው ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ማር ትቷል ሲባል አድማጩ ወዲያው የአንድ ባሕታዊ ምስል ይታየዋል፤ ዝግ ያለ፣ ፈገግታ የማይለየው፣ ጉንዳን እንዳይረግጥ መሬት መሬት እያየ የሚሄድ። ያ ሰው አንድ ቀን ድምፁን ከፍ ካደረገ በቃ፣ «ይኸው! ርኅራኄው የት ገባ?» ይባላል። ስለ ዶሮዋ የተነሳው ጥያቄ ይቀርና ስለ እሱ ጠባይ ማውራት ይጀመራል።

እኔ እቆጣለሁ። ቁጣዬ ከአቋሜ ጋር ይጋጫል የሚለውን ሐሳብ ደግሞ አልቀበልም። አቋሜ የሚጠይቀኝ የቻልኩትን ያህል እንስሳትን ከመጉዳትና ከመበዝበዝ እንድታቀብ ነው፤ ስሜት አልባ ሁኚ አላለኝም። መቆጣት በራሱ ማንንም አይጎዳም። ማን ላይ እንደሚያርፍ ካልመረጥኩ ግን ይጎዳል። የዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ፍሬ ነገር እዚህች ላይ ይመስለኛል፤ ሥጋ ከሚበሉትም ሆነ ከማይበሉት ወገን ይህችን ነጥብ የሚያነሳት ሰው ግን ብዙም አልገጠመኝም።

መጀመሪያ የሚያስቆጣኝን ልናገር። በበዓል ዋዜማ ከተማችንን ተመልከቱ። ዶሮ እግሯ ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ፣ ከሌሎች አራት አምስት ዶሮዎች ጋር እንደ ሽንኩርት እስር ከሰፈር ሰፈር ትዞራለች። በግ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ከጆንያ ጋር ይጠፈራል። ገና ያልተሸጠው ደግሞ አስፋልት ዳር ፀሐይ ላይ ይውላል፤ ገዢ በመጣ ቁጥር ወገቡን ይጨመቃል፣ ላቱ ይመዘናል። ይህ ሁሉ በጠራራ ፀሐይ፣ ልጆች እያዩ፣ እኛም «እንኳን አደረሳችሁ» እየተባባልን የሚሆን ነው። መታረዱ አይቀርም እንበል። እስኪታረድ ድረስ ቁልቁል መንጠልጠሉ የማንን በዓል ነው የሚያደምቀው? ይህን ለመጠየቅ እኮ ቪጋን መሆን አያስፈልግም።

ሳይታይ የሚሆነው ደግሞ አለ። «ሥጋውስ እሺ፣ እንቁላልና ወተት ምን አደረጉሽ? ማንም አይሞትበትም» ይሉኛል። ይሞትበታል። ለእንቁላል ከተመረጠ ዝርያ የተፈለፈለ ወንድ ጫጩት እንቁላል አይጥልም፤ ለሥጋም ቶሎ አይደልብም። ስለዚህ በትልልቆቹ የእንቁላል ኢንዱስትሪዎች ገና በተፈለፈለበት ቀን ይወገዳል። ላምም ወተት የምትሰጠው ስለወለደች ነው፤ ወተቱ ለጥጃዋ የመጣ ነበር። ጥጃው ወንድ ከሆነ፣ ወተት ለሚሸጥ ሰው እሱ የሚጠባው ሁሉ ኪሳራ ነው። ከዚያ በኋላ የጥጃው ዕጣ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሒሳብ ማወቅ ይበቃል።

ታዲያ ይህን ስናገር የሚመጣው የመጀመሪያው መልስ «የፈረንጅ ቅብጠት» የሚል ነው። ቃሉ በእርግጥ የፈረንጅ ነው። «ቪጋን» የሚለውን ስም እንግሊዝ አገር ዶናልድ ዋትሰንና ጓደኞቹ ማኅበራቸውን ሲመሠርቱ በ1944 እ.ኤ.አ. አወጡት። ሐሳቡ ግን የእነሱ ፈጠራ አይደለም። ሶርያዊው ዓይነ ስውር ባለቅኔ አቡል አላ አል ማዓሪ ከእነሱ ዘጠኝ መቶ ዓመት ቀድሞ ሥጋውንም፣ ወተቱንም፣ እንቁላሉንም፣ ማሩንም ትቶ ኖሯል። እሱም ቢሆን ለስላሳ ሰው አልነበረም፤ የዘመኑን ግብዞች በግጥሙ የገረፈ መራራ ብዕረኛ ነው። ስለ አመጋገቡ የሚሞግት ደብዳቤ ከካይሮ ሲመጣለት ግን በትሕትና መለሰ።

ወደ እኛው አገር ስንመጣ ደግሞ የወጥ ቤት ዕውቀቱ ከማንም በፊት በእጃችን አለ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጽዋማት ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይሞላሉ፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ስልጆ፣ አዚፋ፤ እናቶቻችን ያለ ቅቤ ምን ማድረግ እንደሚቻል ለዓለም ማስተማር የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ «ምን ልትበይ ነው ታዲያ?» የሚለኝን ሰው ማመን ያቅተኛል። ባለፈው ረቡዕ የበላኸውን ነዋ!

ግን አንድ ነገር ይለይ። «ጾመኛ ነሽ?» ሲሉኝ «አይ፣ አይደለሁም» እላለሁ። «ጾም ላይ ነኝ» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ አስተናጋጁም አይጨቃጨቅ፣ ዘመድም አይቀየም። ብዙ ቪጋኖች ይህን መንገድ ይመርጣሉ፤ አልፈርድባቸውም። እኔ የማልለው ለሁለቱም ክብር ስል ነው። ጾም የጾመኛውና የአምላኩ ጉዳይ ነው፤ ሥጋን ለነፍስ ማስገዛት ነው፤ ማዕከሉ በጓ አይደለችም። ለዚህም ነው ሁዳዴን ሙሉ ደጁን የዘጋው ሥጋ ቤት ለፋሲካ በሰልፍ የሚጨናነቀው። የእኔ ጉዳይ በጓ ናት። የሌላውን ጸሎት መሸሸጊያ ሳደርገው እሱንም አቀላለሁ፣ እሷንም እረሳታለሁ።

የዕለት ተዕለቱ ቁጣ ግን ከእርድ ይልቅ በትንንሽ ነገር ነው የሚመጣ። ማክሰኞ ቀን ምሳ ቤት ገብተሽ «ሽሮው ቅቤ አለው?» ትያለሽ። «የለውም» ይልሻል። ሲመጣ ከሩቁ ይሸታል። «ቅቤ አለው እኮ» ስትይው «ትንሽ ነች» ይልሻል። ትንሽ ነች! ያው ልጅ ረቡዕ ቀን ለጾመኛ «ትንሽ ነች» ብሎ ቅቤ ያለው ሽሮ ቢያቀርብ ቤቱ ይታመስ ነበር። የአንዱ ሕሊና በጠረጴዛው ላይ ክብር አለው፣ የሌላው ቅንጦት ነው። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ቅቤዋ ብቻ አይደለችም።

ሁለተኛው መልስ ይመጣል፦ «ሰው እየተራበ ስለ በግ ታወሪያለሽ?» ይህን የሚለኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቁርጥ ፊቱ አስቀምጦ ነው። የተራበው ሰው እኮ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የለም! ድሃው የሚበላው እንደ አካባቢው ቂጣ፣ ሽሮ፣ ቆጮ፣ ንፍሮ ነው፤ ሥጋ የሚያየው በዓመት በዓል፣ እሱንም ካገኘ ነው። ከቦረና የተነሳው ወይፈን አዳማ አካባቢ በመኖ ደልቦ ወደ ውጭ ይሸጣል። የሞጆና የቢሾፍቱ ቄራዎች የበግና የፍየል ሥጋ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይልካሉ። ይህ ንግድ ለአገር የውጭ ምንዛሪ ያመጣ ይሆናል፤ የረሃብ መድኃኒት ነው ብሎ መሟገት ግን ዓይን ያወጣ ነገር ነው። ረሃብ የእውነት የሚያስቆጣህ ከሆነ እኔም ከጎንህ ነኝ። እኔን ዝም ለማሰኘት ብቻ ረሃብተኛን የምትጠራው ከሆነ ግን ስሙን ተውለት።

አገራችን ለእንስሳ መቆጣት ፈጽሞ የማታውቅ አይደለችም። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት ሕዝቡ ተቆጣ፤ ቄራውም ተዘጋ። ያኔ ማንም ሰው «ረጋ በሉ፣ ርኅራኄያችሁ የት አለ» አላለም። የቁጣው ምክንያት ብዙ ነበር። አህያ አይበላም የሚል እምነት አለ፣ የጭነት እንስሳ ያልቃል የሚል ስጋት አለ፣ ከውለታ ቢስነት የመሸሽ ስሜትም አለ። በጎ ቁጣ ነበር። ግን መርካቶ ሂዱና እዩ። ያቺው ያዘንንላት አህያ ጀርባዋ ቆስሎ፣ ከአቅሟ በላይ ተጭና፣ በዱላ እየተቀጠቀጠች ትሄዳለች፤ እኛም «ዞር በይ!» ብለን እናልፋታለን። ለአህያ መቆጣት እንደምንችል አሳይተናል። የቀረን ቁጣው ከአንድ ሳምንት በላይ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ስለ አህያ ከተነሳ በኦሪት ዘኍልቁ ምዕራፍ 22 ያለውን የበለዓምን ታሪክ የማያውቅ የለም። ሰይፍ የያዘው መልአክ መንገዱ ላይ ቆሞ የሚታያት አህያዪቱ ናት። ጌታዋ አይታየውም። ሦስት ጊዜ ስታፈገፍግ ሦስት ጊዜ ይመታታል፤ ሰይፍ በእጁ ቢኖር ሊገድላት እንደሚወድድም ይናገራል። ዓይኑ ከተከፈተለት በኋላ መልአኩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መንገዱ አይደለም፤ አህያዪቱን ሦስት ጊዜ ለምን እንደመታት ነው። የበለዓም ጥፋት መቆጣቱ ብቻ አይመስለኝም። እንቅፋቱ ሌላ ቦታ ቆሞ ሳለ በእጁ ያለችውን፣ አፍ የሌላትን፣ ልትመታው የማትችለውን መረጠ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረታችንም ይህንኑ ነው የሚለው።

አሁን ፊቴን ወደ ራሳችን ወገን ላዙር፤ እዚያም ዳውላ የሚደበድብ ሞልቷል። ስልኩን አውጥቶ የበግ ሻጩን ገጠሬ ልጅ እየቀረጸ «ጨካኝ» የሚል ቪጋን አይቻለሁ። ልጁ ምናልባት ለደብተርና ለጨው የሚሆነውን ብር ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው የመጣው። በቄራ የሚሠራውን የቀን ሠራተኛ ገዳይ ብሎ የሚሳደብ፣ ግን ሰባት በሬ ለሠርጉ የጣለውን ባለሀብት «እንኳን ደስ ያለህ» የሚል አለ። ለአፋርና ለቦረና አርብቶ አደር ከቦሌ ካፌ ሆኖ ስብከት የሚሰብክም አለ፤ ያ ሰው በድርቅ ከላሙ ጋር አብሮ የሚደርቅ መሆኑን ረስቶ። ይሄ ድፍረት አይደለም። ምርጫ የሌለውን መርጦ መሳደብ ነው፤ ደካማውን አንነካም ብሎ ለተነሳ ሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ክህደት የለም።

ሌላም አለ፤ ሁልጊዜ ፈገግ በሉ፣ ሰዎች በፍቅር ብቻ ይመጣሉ፣ የምግብ አሠራር ብቻ አሳዩ የሚለው። የምግብ አሠራሩን ማሳየት ጥሩ ነው፤ እኔም አሳያለሁ። ግን ቁጣውን ሆድ ይፍጀው ብሎ የዋጠ ሰው ሲቆይ ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል። ወይ ይደክመውና ይተወዋል፣ ወይ ደግሞ አንድ ቀን በማይገባው ሰው ላይ ይፈነዳል። ጳውሎስ እንኳ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ቁጣን ራሱን አልከለከለም፤ ከኃጢአት ጋር እንዳይሄድ እንጂ።

እኔ በየቀኑ የምይዘው ሥርዓት ይህን ይመስላል። ቁጣዬን መምረጥ ወደሚችለው ሰው እወስደዋለሁ። ቅቤ ያለበት ሽሮ ሲመጣ አስተናጋጁን ትቼ የቤቱን ባለቤት አስጠራለሁ፤ ወጥ ቤት ውስጥ የሚደረገውን የሚወስነው እሱ ነው። ከመጠን በላይ የተጫነች አህያ ሳይ «ማን ነው ይህን ያህል የጫነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ በምልልስ ቁጥር የሚከፈለው ነጂ ጭነቱን አልመረጠም። ዱላውን ግን መርጧልና «ተው!» እለዋለሁ፤ ያኔ ጨዋነቴ ቢጓደል ይጓደል። እናቴ ለፋሲካ ዶሮዋን አሥራ ሁለት ቦታ ስትገነጥል አጠገቧ ሆኜ ሽንኩርቱን ለሁለታችንም ድስት እከትፋለሁ፤ ወጧን ግን አልቀምስም፣ «ጣፍጧል» ብዬም አልዋሻትም። በቅርጫው መዋጮ ስጠየቅ «አልገባም» እላለሁ፤ ለምን ካሉኝ እነግራቸዋለሁ። ዛቻ የለም፣ ስድብ የለም፣ ሰውን «አውሬ» ብሎ መጥራት የለም። የአውሬ ስም ስድብ የሆነበት አፍ ስለ እንስሳ ሊሟገት አይችልም።

«ብትቆጪስ ምን ይለወጣል?» ይሉኛል። ብዙ አይጠበቅም። ጾም በሌለበት ቀንም ሳይለመን የሚገኝ አንድ ቅቤ አልባ ወጥ በየምግብ ቤቱ ይኑር፤ ዕውቀቱም ድስቱም አለ። ዶሮ በቅርጫት ትሂድ እንጂ ቁልቁል አትንጠልጠል። በግ የተሳፋሪ መኪና ጣሪያ ላይ እንዳይጫን የትራፊክ ፖሊሱ ትርፍ ሰው የጫነውን በሚያስቆምበት ዓይን ይየው። እነዚህን ለማድረግ ማንም ቪጋን መሆን የለበትም። ከዚያ በኋላ ስለ ቢላዋው እንነጋገራለን፤ እሱን አልተውኩትም። የሚቀጥለው በዓል ዋዜማ ሲመጣ መንገዱ ላይ እገኛለሁ፤ ነጋዴውንም፣ ባለመኪናውንም፣ የቤት መኪና ይዞ አምስት በግ የሚያስጭነውንም አነጋግራለሁ። ድምፄ ከፍ ካለባችሁ ስለ ድምፄ ከመውቀሳችሁ በፊት ጣሪያው ላይ ያለውን ቀና ብላችሁ እዩት።