የሕግ ተማሪው ማኅበርና የዓመቱ ርክክብ

ዘአራዳ፤ ከቴዎድሮስ አደባባይ

በአንድ የሕግ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ማኅበር ሲመረጥ፣ ከሌላው ማኅበር ሁሉ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዛሬ በመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ የሚከራከሩት ወጣቶች ነገ ዳኛና ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃና ሕግ አርቃቂ ሆነው ሌላውን ሰው ሒሳብ የሚጠይቁ እንደ መሆናቸው መጠን፣ እነርሱ ራሳቸው በአንድ የትምህርት ዘመን በእጃቸው ለገባው ጥቂት ሥልጣንና ጥቂት ገንዘብ ምን ዐይነት ሒሳብ ሰጥተው እንደሚወጡ ነው።

ይህን ሐተታ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ወቅቱ ነው። ክረምቱ በገባ ቁጥር ጥቁር ካባውን በክንዱ ያንጠለጠለ ምሩቅ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ወደ ቸርችል ጎዳና በሚወርደው መንገድ ከዘመዶቹ ጋር ሲያልፍ፣ በቴዎድሮስ አደባባይም ከሴባስቶፖል መድፍ ምስል ፊት ፎቶግራፍ ሊነሣ ሲቆም ይታያል፤ እግዚአብሔር ያሳድገው ብሎ የሚመርቀውም መንገደኛ አይታጣም። ከእነዚህ ምሩቃን ጋር የማይመረቅ፣ የሚሸኘውም የሌለ አንድ አካል ግን አለ። ዓመቱን ሙሉ ሲሰበሰብና ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ወደ ዲኑ ጽሕፈት ቤት ሲመላለስ የቆየው የተማሪዎቹ ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ፣ ሊቀ መንበሩ ክሊራንሱን አስፈርሞ በወጣ ማግሥት እንዳልነበረ ይሆናል። የሚተርፈው ማኅተሙ ነው፤ እርሱም በማን ኪስ እንዳለ ሁልጊዜ አይታወቅም።

በእውነቱ የአንድ ተማሪ ማኅበር ዓመት ዐሥራ ሁለት ወር አይደለም። ተማሪው ተመዝግቦ፣ መኝታ ክፍሉን ለይቶ፣ ምርጫ ተጠርቶ ምልዓተ ጉባኤው እስኪሞላ ድረስ የመኸሩ ወራት ያልፋሉ፤ ከዚያ ፈተና ይመጣል፤ ከፈተናው በኋላ ዕረፍት ነው። በሕግ ትምህርት ቤት ደግሞ በንባብም በዕድሜም የበሰለው የአምስተኛ ዓመቱ ተማሪ ለተግባር ልምምድ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ፍትሕ ቢሮ ይወጣል፤ ሲመለስም ከሌሎች ትምህርቶች ሁሉ ቀድሞ በሕግ የተጀመረው የመውጫ ፈተና ስለሚጠብቀው፣ ማኅበሩ ምክሩን በሚሻበት ሰዓት በመጽሐፍ ቤት ተሸሽጎ ይገኛል። ስለዚህ ሥራ የሚሠራበት ዘመን አራት ወር ወይም አምስት ወር ቢሆን ነው፤ ዕቅዱ ግን ብዙ ጊዜ የመንግሥት የአምስት ዓመት ዕቅድ ይመስላል።

የሕግ ተማሪ ራሱን በራሱ ማስተዳደሩ አዲስ ፈሊጥ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር ራሱ ከፊሉ ከሕግ ተማሪዎች ማኅበር የተወለደ መሆኑን ያስብ። በዐሥራ ሁለተኛውና በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት የሮማን ሕግ ሊማሩ ከየአገሩ ወደ ኢጣልያ ከተማ ወደ ቦሎኛ የተሰበሰቡት ተማሪዎች፣ በባዕድ ከተማ የሚጠብቃቸው ሕግ የሌላቸው እንግዶች በመሆናቸው፣ ማኅበር አቁመው ሬክተራቸውን ከመካከላቸው መረጡ፤ በመምህራኑም ላይ እንኳ ሳይቀር ሥርዐት ሠሩ፤ ሰዓት አሳልፎ የገባውን ወይም የምዕራፉን ክፍል ዘልሎ ያለፈውን መምህር መቀጮ ያስከፍሉት ነበር። ይህ ወሬ የዛሬውን ተማሪ እጅግ ደስ እንደሚያሰኘው አውቃለሁ። ነገር ግን የዚያው ደንብ ሌላ ክፍል እንዲህ ይል ነበር፦ ሬክተሩ ሥልጣኑን ሲለቅ አድራጎቱንና ሒሳቡን የሚመረምሩ ሰዎች ይቆሙበታል፤ ከምርመራውም ሳያልፍ አይሰናበትም። የቦሎኛን ታሪክ የሚያነሣ ሁሉ መምህራኑ የከፈሉትን መቀጮ እየሣቀ ያወራል፤ ተመራጩ የቆመበትን ምርመራ ግን የሚያወራ ብዙ አላየሁም።

በእኛም አገር ተማሪው በራሱ ሥርዐት መኖሩ ከዘመናዊው ትምህርት ጋር የመጣ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ በወንበሩ ላይ ተሰይሞ ሳለ ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፣ በቅኔው ጉባኤም አስነጋሪው የመምህሩን ሸክም ይካፈላል፤ ጎጆውንም ቀለቡንም ተማሪው ራሱ ያሰናዳል። ዘመናዊው የሕግ ትምህርት ግን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1956 ዓ.ም. ሲጀመርና አሜሪካዊው ጄምስ ፖል የመጀመሪያው ዲን ሆነው ፋኩልቲውን ሲያደራጁ፣ ተማሪው የተቀበለው አዲስ የትምህርት ክፍል ብቻ ሳይሆን ገና ቀለማቸው ያልደረቀ የሕግ መጻሕፍትን ነበር። የወንጀለኛ መቅጫው በ1949፣ የፍትሐ ብሔሩና የንግዱ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐቱ በ1954 የወጡ ናቸው። በፍትሐ ብሔሩም ከቁጥር 404 ጀምሮ፣ ትርፍ ለመካፈል ላልሆነ ዓላማ የሚቆም ማኅበር ምን እንደ ሆነ፣ በማን እንደሚመራ፣ ጠቅላላ ጉባኤውም ምን ሥልጣን እንዳለው ተጽፎ ስለሚገኝ፣ የሕግ ተማሪ ማኅበር ሲያቋቁም የትናንቱን የክፍል ትምህርት በራሱ ላይ ይሠራበት ዘንድ ከማንም ይልቅ የተመቸ ነበር።

ዘመኑ ግን ለእንዲህ ያለ ጸጥተኛ ሥራ ፋታ አልሰጠም። በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሄዱ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በቁጥር 45 ዜጋው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ መብት እንዳለው ከተናገረ በኋላ፣ «በሕግ በተወሰነው መሠረት» የሚል ማሰሪያ አስከትሎ ነበርና፣ በ1959 የወጣው የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 243 መጥቶ ማሰሪያውን አጠበቀው፤ ሰልፈኛው አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቅ ሆነ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ተማሪው ሰልፍን የሚያጠብበውን አዋጅ በሰልፍ ሊቃወም ቢነሣ ፖሊስ ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ ገባ። አራተኛ ዓመቱን በያዘው የሕግ ፋኩልቲ ሕገ መንግሥት ለሚማር ወጣት፣ አንድ መብት በዋናው ሕግ ተሰጥቶ በታናሹ ሕግ እንዴት እንደሚነሣ ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የትኛውም መምህር ሊያመጣለት አይችልም ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ፈቃድን በማሳወቅ ለውጦ፣ ሰልፉ ከመደረጉ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ይነገር ይላል፤ በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በቢሮ መስኮት ፊት ምን ያህል እንደሚጠብ ደግሞ ማስታወቂያውን ይዞ የሄደ ያውቀዋል።

የአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር በየግቢው የነበሩትን ማኅበራት በአንድነት አስተሳስሮ የቆመው በዚሁ በ1959 ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው ጥላሁን ግዛው ነው። የተመረጠው በኅዳር 1962 ነበር። ታኅሣሥ 19 ቀን ማታ፣ ከዚህ ከአራዳ ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወጣው በኩል፣ በአፍንጮ በር አጠገብ በጥይት ተመቶ ሞተ፤ በማግሥቱም ተማሪዎች አስከሬኑን ከሆስፒታል አውጥተው በግቢያቸው ሲያለቅሱበት የክብር ዘበኛ ተኩሶ ሌሎችን ጨመረበት። የሥልጣኑ ዘመን ሁለት ወር አልሞላም። እንግዲህ ስለዚህ ወጣት የሚጻፈው ሁሉ ተገቢ ነው፣ ከክብሩም ላይ የምቀንሰው የለኝም፤ ነገር ግን ያ ሞት በአገራችን የተማሪ መሪነት ላይ የጣለውን ጥላ አለማየት አይቻልም። ከዚያ ቀን ወዲህ የተማሪ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሲባል በሕዝቡ ልቡና የሚሣለው መሥዋዕት የሚሆን ሰው ነው፤ ስለዚህም ደረሰኝ የሚያስቀምጠው፣ ቃለ ጉባኤ የሚያስፈርመው፣ በመጽሐፍ ቤት የመብራት ጉዳይ ሦስት ደብዳቤ የሚጽፈው ተመራጭ፣ በባልንጀሮቹም በራሱም ዐይን እንደ ትንሽ ሰው ይቈጠራል። የማኅበሩ መሪ ወይ ሰማዕት ነው ወይ አጎብዳጅ ነው፤ ጸሐፊ የሚሆንበት ስፍራ በመካከል አልተተወለትም።

ሆኖም ያ ትውልድ ራሱ መፈክር ብቻውን ሕግ እንደማይሆን ሳያውቅ አልቀረም። ከ1957ቱ ሰልፍ እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል አለፈ፤ በአዋጁ ዝግጅት ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው፣ በዚያን ጊዜ የመሬት ይዞታ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ዘገየ አስፋው፣ ከዚያው የሕግ ፋኩልቲ የወጡ ሰው ናቸው። በአንድ ቀን የተጮኸውን ቃል ወደ አንቀጽ የሚለውጥ እጅ በሥርዐት ሊሠለጥን ይገባዋል። ይሁን እንጂ አዋጁ በወጣበት ዓመት ዩኒቨርሲቲው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተዘግቶ ተማሪው ወደ ገጠር ሲበተን፣ የማኅበሩም ዘመን አብሮ ተዘጋ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በሚያዝያ 1993፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ ማኅበራችን በነጻነት ይሥራ፣ ጋዜጣችን ይታተም ብለው ሲነሡ፣ ነገሩ ከግቢው አልፎ ከተማውን አወከ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። የሚያስገርመው የጥያቄዎቹ ትሕትና ነው፤ አንዳቸውም በማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ደንብ መጽሐፍ ውስጥ ቢጻፉ የሚያስደነግጡ አልነበሩም።

ዛሬ በየግቢው የምናየው ማኅበር ሁለት ዐይነት ነው፤ አስተዳደሩ የሚፈራውና አስተዳደሩ የሚልከው። በ1995፣ በ2001፣ በ2011 ተከታትለው የወጡት የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች የተማሪውን ውክልና ይቀበላሉ፤ ወካዩ ግን አብዛኛውን ቀኑን የሚያሳልፈው በካፌው ምግብ፣ በዶርሙ ውኃና በመጓጓዣ ጉዳይ ነው። ይህን አልንቅም። በሰው ሆድ የሚቀልድ ማኅበር ስለ ሕገ መንግሥት ቢሰብክ የሚሰማው የለም። ነገር ግን የሕግ ተማሪዎች ማኅበር ከኢኮኖሚክስ ወይም ከምህንድስና ተማሪዎች ማኅበር የሚለይበት አንድ ሥራ ሊኖር ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ለሚቆመው ተማሪ ማሰብ ነው። ከገጠር መጥቶ በፈተና ማጭበርበር ወይም በጠብ የተከሰሰ የአንደኛ ዓመት ልጅ፣ ክሱን በጽሑፍ አግኝቶ እንደ ሆነ፣ ምስክሮቹን ሊጠይቅ ይችል እንደ ሆነ፣ ቅጣቱ ከጸናበትም ይግባኙን ለማን እንደሚል ሳያውቅ ዓመቱን ወይም ትምህርቱን ሊያጣ ይችላል። ይህ ክስ በወንጀል ችሎት የሚታይ አይደለምና የተከሰሰ ሰው መብት በሙሉ አይሠራበትም የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል፤ ነገር ግን ሳይሰማ የሚፈረድበት ሰው መኖር እንደሌለበት ለማወቅ ነገሩ የግድ ወንጀል መሆን አያስፈልገውም፤ «በላ ልበልሃ» ሲባባል በኖረ ሕዝብ መካከል ይህን ማስረዳትስ ምን ያዳግታል? ከሦስተኛ ዓመት በላይ ያሉ የሕግ ተማሪዎች ተራ ገብተው፣ ጠበቃ ነን ሳይሉ፣ ተከሳሹን ደንቡን እያነበቡለት አጠገቡ ቢቀመጡ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአሥር የፓናል ውይይት የሚበልጥ ሥራ ይሆናል። ለዚህ የዲኑ ቡራኬ እንጂ በጀት አይፈልግም።

ይህ ሥራ ግን በአንድ ተመራጭ ትጋት ተጀምሮ ከእርሱ ጋር የሚሄድ ከሆነ ዋጋ የለውም። የዘንድሮው የማኅበሩ ኮሚቴ ስንት ተማሪ ረዳ? የዲሲፕሊን ኮሚቴው ምን ወሰነ? የትኛው የደንብ አንቀጽ ተማሪውን ሲጎዳ ተገኘ? የሚመጣው ኮሚቴ ይህን ካላነበበ በየዓመቱ ከ«በስመ አብ» ይጀምራል። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ነገሬ እመለሳለሁ። ርክክብ ማለት ማኅተምና ቲተር ማስረከብ ብቻ አይደለም፤ የዓመቱ ቃለ ጉባኤ በቍጥሩ ተጠርዞ፣ የወጣውና የገባው ደብዳቤ በመዝገብ ተለይቶ፣ የተሰበሰበው መዋጮ ከነደረሰኙ፣ መልስ ያላገኘውም አቤቱታ ሳይደበቅ ተዘርዝሮ፣ አዲሱ ኮሚቴ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ፈርሞ ሲቀበለው ነው። የተሳነውን የማይጽፍ ኮሚቴ የሠራውንም የሚያምንለት አያገኝም። በዚህ ረገድ አስተዳደሩም ንጹሕ አይደለም፤ ማኅበሩ በራሱ አባላት እንዲመረመር ከመተው ይልቅ ራሱ መርማሪ ልሁን ይላልና፣ ተመራጩም ሒሳብን ሁሉ የጠላት መሣሪያ አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም።

መዝገቡ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይምሰለን። በሊቀ መንበሩ ቤት ቢቀመጥ አብሮ ይመረቃል፤ በዲኑ ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ ማኅበሩ ስለ ዲኑ የጻፈውን ማስቀመጥ ያስቸግራል። የሚሻለው የሕግ መጽሐፍ ቤቱ ነው። ፋኩልቲው ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ መታተም የጀመረው «የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት» የፍርድ ቤቶቻችንን ፍርድ እየሰበሰበ ለተከታዩ ዳኛና ጠበቃ በማቆየቱ ምን ያህል እንደ ጠቀመ የሕግ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። በዚያው መደርደሪያ አጠገብ ለተማሪው ማኅበር ዓመታዊ መዝገብ የሚሆን አንድ ክንድ ስፍራ ቢለይ፣ ማንኛውም ተማሪ መታወቂያውን አሳይቶ ሊያነበው ቢችል፣ የተቀጡ ተማሪዎች ስም ብቻ ተሸፍኖ ውሳኔው ክፍት ቢሆን፣ የመጽሐፍ ቤቱ ሹም አንድ የቅጂ ቁጥር ከመስጠት በቀር የሚጨምረው ሥራ የለም። የዘንድሮው ኮሚቴ ይህን ለማድረግ አዲስ ደንብ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ክሊራንሱን ከማስፈረሙ በፊት የመጨረሻውን ጠቅላላ ጉባኤ ይጥራ፣ ምልዓተ ጉባኤ ባይሞላ እንኳ ሁለተኛ ቀን ቀጥሮ በተገኘው ሰው ፊት ያስረክብ፤ የማኅበራቸው መተዳደሪያ ደንብ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ፣ ማሻሻያውን ለማርቀቅ ከእነርሱ የተሻለ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አይገኝም።