ፀሐይ በደጅ እያለች የሕፃናት አጥንት ለምን ይለሰልሳል?

በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል በምትገኘው ነገሌ ቦረና፣ እንዲሁም በያቤሎና በሞያሌ፣ ፀሐይ ጠፋ ቢባል የሚያምን አይገኝም። የቆላው ነዋሪ የሚቸግረው ጥላ ነው። ይሁን እንጂ ፀሐይ በደጅ መኖሯ ብቻ ለሕፃኑ አይበቃም፤ ገላው ላይ ማረፍ ይኖርባታል።

በቆዳችን ውስጥ ሊቃውንት 7-ዲሃይድሮኮሌስትሮል የሚሉት፣ የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነ ቅባት መሰል ነገር አለ። አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረር ሲያርፍበት ይለወጥና በገላ ሙቀት ቫይታሚን ዲ ይሆናል። ጉበትና ኩላሊት ደግሞ ለሥራ ያበቁታል። እርሱ ከሌለ ካልሲየም ከምግብ ወደ ደም በሚገባ አያልፍም። በዚህም ጊዜ የሕፃኑ አጥንት ይለሰልሳል፣ እግሩ ይወላገዳል፣ እርግብግቢቱ ሳይገጥም ይቆያል፣ ጥርሱም ይዘገያል። ሪኬትስ የሚባለው ይህ በሽታ ነው። ጉዳቱ በእግር ብቻ አይወሰንም፦ በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተጠንቶ በ1989 ዓ.ም. በታተመ ጽሑፍ፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ለማነጻጸሪያ ከተመረጡት 500 ግን 20 ብቻ።

«ይህ የደጋ ነገር ነው» የሚል ቢኖር ሞቃታማዋን አዳማን ይመልከት። በ2007 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ ከከተማው ተማሪዎች ከ100 ወደ 62 የሚጠጉት ቫይታሚን ዲ ሲያንሳቸው፣ በዙሪያው ገጠር ግን 21 ያህሉ ነበሩ። የገጠሩ ልጅ ደጅ ይውላላ!

ሠራተኛዋ እናት በማለዳ ትወጣለች። ሞግዚቷም ምች እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳያርፍበት ብላ ሕፃኑን ጠቅልላ ቤት ታውለዋለች። አንዳንዶች በመስኮት አጠገብ ያሞቁታል፤ መስታወት ግን ሙቀቱን እንጂ የሚፈለገውን ጨረር አያሳልፍም። ገና የወጣች ጀምበርም ደካማ ናት። ጥላ ከባለቤቱ ቁመት ጋር ሲቀራረብ፣ ማለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጭንቅላቱንና ዓይኑን ከልሎ እጅና እግሩን ገልጦ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቅ ይሻላል። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ይልቅ ቆየት ማለትን ይፈልጋል፤ የቆላው የቀትር ፀሐይ ግን ስለሚያቃጥል አይሞከርም።

«የግመል ወተት ይጠጣ የለም ወይ?» ይባል ይሆናል። ወተት ካልሲየም ይሰጣል፤ ቫይታሚን ዲው ግን ጥቂት ነው። የእናት ጡትም በዚህ በኩል እንደዚያው ነው፤ ጡት ማጥባቱ ግን በፍጹም አይቋረጥ። በ18 ወሩ ያልሄደ፣ ወይም የእጁ አንጓ ያበጠ ሕፃን ያላት እናት ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ትውሰደው። ሰዓቱንም ለሞግዚቷ ዛሬውኑ ትንገራት።