ስንና ሥን፦ ጥርስን በየዕለቱ ስለ መጠበቅ

በግእዝ ለጆሮ አንድ የሚመስሉ፥ ለዓይን ግን የሚለያዩ ሁለት ቃላት አሉ። ስን በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ጥርስ ማለት ነው፤ ሲበዛም አስናን ይባላል። ሥን በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ውበት፥ ደም ግባት ማለት ነው። ተማሪ ሁለቱን ያምታታ እንደ ሆነ መምህሩ ይገሥጸዋል። በሰው ፊት ላይ ግን ሁለቱ ተጎራብተው ይኖራሉ፤ አንዱ ሲጎዳ ሌላውም ይጎዳል። ከውበትም አልፎ ጥርስ የንባብ መሣሪያ ነው። የፊት ጥርሱ የወለቀበት አንባቢ ሰ፥ ዘ፥ ጸ የሚባሉትን ፊደላት አጥርቶ ማሰማት ይቸግረዋል። ድምፁ እያለ፥ ትምህርቱም እያለ፥ ቃሉ በከንፈሩ ላይ ይደበዝዛል። ስለዚህ ነገሩ የቁንጅና ብቻ አይደለም።

በዚህ ወር ዐምዳችንን ለጥርስ የሰጠነው፥ ከዱባይ ከተማ ከአል ዋርቃ ሰፈር ለመሳለም የመጡ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ስለ ጠየቁን ነው። አል ዋርቃ ከሚርዲፍ አጠገብ ያለ፥ ቪላ የሚበዛበት የመኖሪያ ሰፈር ነው። በእነዚያ ቤቶች ከሚያገለግሉት መካከል ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው። ከሁሉም በፊት ይነሣሉ፥ ከሁሉም በኋላ ይተኛሉ። «ማታ ድካሙ ስለሚያሸንፈን አፋችንን ሳናጸዳ እናድራለን፤ የጥርስ ሕመም የያዘን ዕለት ግን እንቅልፍም ሥራም የለም፤ ሐኪም ቤት ብንሄድ የወር ደመወዛችን አይበቃም» ብለው ነገሩን። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ሐኪሞች የተስማሙበትንና ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው የሚችለውን ግን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ጥርስ የሚበሰብስበትን ምክንያት ማወቅ ይገባል። «ትል በላው» የሚለው የቆየ አነጋገር ነው እንጂ በጥርስ ውስጥ ትል የለም። በአፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይኖራሉ። እነርሱም በጥርስ ላይ ስስ የሚያዳልጥ ሽፋን ሠርተው ይቀመጣሉ። ስኳር ወይም ዱቄትነት ያለው ምግብ በገባ ጊዜ ከእርሱ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ልባስ ጥቂት በጥቂት ያሟሟዋል። ምራቅ ይህን አሲድ የሚያረክስ የተፈጥሮ ጠባቂ ነው፤ ነገር ግን ሥራውን ለመፈጸም ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ሰው ሲተኛ ደግሞ ምራቁ እጅግ ይቀንሳል። እንግዲህ ሳያጸዳ የሚተኛ ሰው፥ ዘብ በሌለበት ሰዓት በሩን ከፍቶ እንደ ተኛ ነው።

ከዚህ ሁለት ምክሮች ይወጣሉ። አንደኛው፥ ከሁለቱ የማጽጃ ሰዓቶች የማታው የሚበልጥ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የመመላለሱ ብዛት መሆኑ ነው። ስኳር የበዛበትን ሻይ ወይም በዚያ አገር ካረክ የሚሉትን የወተት ሻይ ከጠዋት እስከ ማታ ጥቂት በጥቂት የሚጎነጭ ሰው ለምራቁ ዕረፍት አይሰጠውም። ተምርም እንዲሁ ነው፤ መልካም ምግብ ቢሆንም በጥርስ መካከል ይጣበቃል። ቡናችንን አቦል፥ ቶና፥ በረካ ብለን በአንድ ተቀምጦ መጠጣት፥ ከተቻለም ስኳሩን መቀነስ፥ በመጨረሻም አፍን በንጹሕ ውኃ መጉመጥመጥ ቀላልና የሚጠቅም ልማድ ነው።

ስለ መሣሪያው ስንናገር ከመፋቂያው እንጀምር። አባቶቻችን ያለ ብሩሽ አልኖሩም፤ ብሩሻቸው በደጃቸው ይበቅል ነበር። ልምጭ፥ ክትክታ፥ ወይራ በአገራችን የታወቁ የመፋቂያ ዕፀዋት ናቸው። በባሕረ ሰላጤው አገር ደግሞ አራክ ከሚባለው ዛፍ የሚገኘውን ሚስዋክ በየሱቁ ይሸጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም መፋቂያ በሚለመድበት አገር ሰዎች እንዲጠቀሙበት መክሯል። ስለዚህ መፋቂያን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቈጥር ሰው ይሳሳታል። ነገር ግን ጕድለቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በመፋቂያ የሚፍቀው የሚታየውን የፊት ጥርስ ብቻ ነው፤ የመንጋጋው ውስጠኛ ጎንና የጥርሶች መካከል ሳይነካ ይቀራል። አንዳንዱም በኃይል እየሞረደ ድዱን ያሸሸዋል። መፋቂያ የሚጠቀም ጫፉን አኝኮ ያለስልስ፥ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ በቀስታ ይፋቅ፥ ያለቀውን ጫፍ ቆርጦ አዲስ ያውጣ። በቀን ቢፍቅበትም ለማታው ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ቢጨምር የተሟላ ይሆንለታል።

የብሩሹ አጠቃቀም እንዲህ ነው። ጠጕሩ ለስላሳ የሆነውን ምረጡ፤ ጠንካራው የተሻለ የሚያጸዳ ይመስላል እንጂ ድድን ይጎዳል። የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለበት ይሁን፤ በሽፋኑ ላይ ከ1000 እስከ 1500 ፒ.ፒ.ኤም የሚል ቁጥር ይፈለጋል። ብሩሹን ጥርስና ድድ ወደሚገናኙበት መስመር አዘንብሉት፥ በትንሹም እያዞራችሁ አሹ። በውጭ በኩል፥ በውስጥ በኩል፥ በማኘኪያው ገጽ፥ በቅደም ተከተል፥ አንድም ጥርስ ሳትዘልሉ። ጊዜው 2 ደቂቃ ነው፤ በቀን 2 ጊዜ። በመጨረሻም ምላስን በቀስታ አጽዱ። አረፋውን ትፉት እንጂ ወዲያው በብዙ ውኃ አትጉመጥመጡ፤ በጥርስ ላይ የሚቀረው ፍሎራይድ ሌሊቱን ሁሉ ይጠብቃችኋልና። ብሩሹን በ3 ወር ወይም ጠጕሩ ሲንጋደድ ቀድማችሁ ለውጡ፤ ለሌላ ሰውም አታውሱ።

ከሰል ፈጭቶ ጥርስን ማሸት፥ በጨው ወይም በሎሚ መፈተግ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ጥርሱ ለጊዜው የነጣ ይመስላል፤ ነገር ግን የተወገደው ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን ልባሱም ነው፤ የሄደ ልባስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ሎሚ ወይም ሌላ ጎምዛዛ ነገር የወሰደ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢቦርሽ ይሻላል።

ብሩሽ የማይደርስበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ነው። ለዚህ የተሠራው የጥርስ ክር ነው። ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ በቀድሞው ልክ አንድ ክንድ ይሁን። ጫፎቹን በሁለቱ የመካከል ጣቶች ላይ ጠምጥሙ፥ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል አጭር ክር ወጥራችሁ ያዙ። በግዳጅ ወደ ታች አትግፉት፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተታችሁ በቀስታ አስገቡት። ከገባ በኋላ ጥርሱን አቅፎ እንደ ግማሽ ክበብ አጥፉት፥ ከድድ ሥር ጀምሮ ወደ ላይና ወደ ታች ጥቂት ጊዜ ጥረጉበት፤ ከዚያም ጎረቤቱን ጥርስ እንዲሁ አድርጉ። ለእያንዳንዱ ስፍራ የክሩን ንጹሕ ክፍል ተጠቀሙ። በቀን አንድ ጊዜ፥ ይልቁንም ማታ ከመቦረሽ በፊት ቢደረግ ይበቃል። ሥጋ በጥርስ ሲገባ በእጅ የመጣውን ስንጥር ወይም መርፌ መጠቀም ግን ድድን ያቆስላል።

ብዙ ሰዎች ክር በጀመሩ ሰሞን ደም ያዩና ፈርተው ይተዉታል። ደሙ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ድዱ አስቀድሞ በቆሻሻ ምክንያት ስለ ቈሰለ ነው። በቀስታ ከቀጠሉበት በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይቀንሳል። ካልቀነሰ፥ ወይም ድዱ ከሸሸና ጥርሱ ከተነቃነቀ፥ ነገሩ ወደ ሐኪም የሚያደርስ ነው። ያልጸዳው ሽፋን እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ከያዘ በቤት ውስጥ ብሩሽ አይለቅምና። የስኳር በሽታ ያለባቸው አባቶችና እናቶች በዚህ ላይ ይበልጥ ይትጉ፤ የስኳር በሽታ የድድን ሕመም ያባብሳል፥ የድድ ሕመምም ስኳሩን ለመቈጣጠር ያስቸግራል።

ስለ ፍሎራይድ ሲነሣ «እኛ ያደግንበት ውኃ ጥርሳችንን አበላሽቶት የለምን?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በስምጥ ሸለቆ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ የጕድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ብዙ ሰዎች ቡናማ ጥርስ ይዘው ያድጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። ያ ቀለም የሚያዘው ጥርሱ በድድ ውስጥ ገና ሲሠራ በልጅነት ነው፤ ቆሻሻ ስላይደለ ፍትጊያ አያስለቅቀውም፤ ስለዚህ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። በዱባይ ያለው የመጠጥ ውኃ ግን ከባሕር ጨው ተለይቶለት የሚመጣ ነው፤ እንዲህ ያለ ውኃ ፍሎራይዱ እጅግ ጥቂት ነው። በአንዱ አገር የበዛው በሌላው ይጎድላልና በዚያ ላሉት ፍሎራይድ ያለበት ሳሙና ይጠቅማቸዋል።

በዚያ አገር ልጆች የወለዱም አሉ። የሕፃን የመጀመሪያ ጥርስ በ6 ወር አካባቢ ሲወጣ ማጽዳት ይጀመራል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፥ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ይበቃዋል፤ ወላጅም ይቦርሽለት። ጣፋጭ የሞላ ጡጦ አጕርሶ ማስተኛት የወተት ጥርስን ያበሰብሳል። «ግግ አለበት» ብሎ የሕፃንን ድድ ማስበጣት ደግሞ ፈጽሞ የሚጎዳ ልማድ ነው፤ ያበጠው ስፍራ ሊበቅል የተዘጋጀ ጥርስ ነውና።

ተሳላሚዎች ደጋግመው የሚጠይቁን ስለ ጾምና ስለ ቍርባን ነው። ሥጋ ወደሙ የሚቀበል ሰው ጠብታ ውኃ እንዳያልፍበት ስለሚጠነቀቅ በዚያ ጠዋት ብሩሽ አያነሣም፤ ከተቀበለም በኋላ ምራቁን እንዳይተፋ ይጠነቀቃል። ሥርዓቱ ይከበራል፤ ጥርስም አይጎዳም፥ የዋዜማው ጽዳት በሚገባ ከተፈጸመ። ከመጨረሻው ማዕድ በኋላ ጾሙ ሳይጀምር በክርም በብሩሽም አጽዱ። በሌላው የጾም ቀን የሚያሳስበው ሰው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ እስከዚያው ያለ ሳሙና በደረቅ ብሩሽ ወይም በመፋቂያ ማጽዳት ይችላል። በጾምና በበረሓው ሙቀት አፍ ስለሚደርቅ፥ ጾሙ ሲፈታ በጣፋጭ ሳይሆን በውኃ ጀምሩ።

ለገዳማችን አረጋውያንም አንድ ቃል እንጨምር። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላችሁ ማታ አውልቃችሁ እጠቡት፥ ድዳችሁንም ለስላሳ በሆነ ነገር ጥረጉ። ጥሬና ቆሎ የሚከብዳችሁ እንደ ሆነ አስፈጭታችሁ ወይም አስቀቅላችሁ ተመገቡ። ጥርሱ ከሚሰበር ልማዱ ቢለወጥ ይሻላል።

ሕመም ከጀመረ በኋላ ቅርንፉድ ለጊዜው ያስታግሣል፥ ጥርሱን ግን አያድንም። አስፕሪን በድድ ላይ ማስቀመጥ ሥጋውን ያቃጥላል። ፊት ካበጠ፥ ትኵሳት ከመጣ፥ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ነው። በዱባይ ያላችሁ የጤና መድናችሁ ስለ ጥርስ የሚሸፍነውን ሳትታመሙ ጠይቃችሁ ዕወቁ፤ በመሠረታዊው መድን የጥርስ ሕክምና ከአስቸኳይ ጊዜ በቀር አብዛኛውን ጊዜ አይካተትም። ወደ አገር ቤት ለዕረፍት ስትመጡም የጥርስ ምርመራን ከጉዳያችሁ ቍጠሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ 3.5 ቢሊዮን ያህል ሰዎች በአፍ ሕመም የተያዙ መሆናቸውን ገልጧል። አብዛኛውም መከላከል የሚቻል ነው። ሥራ የሚያመሽባችሁ እኅቶች ሆይ፥ የመኝታውን ሰዓት አትጠብቁ፤ ድካም በዚያ ሰዓት ይረታልና። እራት እንደ በላችሁ ሳትቀመጡ አጽዱ፥ ከዚያ በኋላ ከውኃ በቀር ምንም አትቅመሱ። ብሩሹና ክሩ በዓይን በሚታይ ስፍራ ይቀመጡ። በየማታው የምትሰጡት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚያድናችሁ ግን ብዙ ሌሊትና ብዙ ደመወዝ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

በጤና ተመልሳችሁ ለመሳለም ያብቃችሁ።