ጅቡ ተረት ውስጥ ይቅር



ልጅ አልተኛም ብሎ ሲያስቸግር ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ምንድን ነው? «ዝም በል፣ ጅቡ መጣ!» አይደል? አልበላም ሲል «መርፌ አስወጋሃለሁ»፤ መንገድ ላይ ሲያለቅስ ደግሞ «ያ ፖሊስ ይወስድሃል»። ልጁ ወዲያው ጸጥ ይላል። እኛም የተረጋጋ ይመስለናል። ፈርቶ ነው ዝም ያለው።

በጎንደርም በትግራይም መንደሮቻችን የጅቡ ነገር እውነት ነበር። ሲመሽ አጥሩ ሥር ይጮኻል፤ ልጅ በጨለማ እንዳይወጣ ማስፈራራት ከሞት ማዳን ነበር። እዚህም በኔጌቭ በረሃ ጅብ አለ፣ አትሳቁ፤ ግን ኪርያት ጋት አራተኛ ፎቅ ድረስ አይወጣም። የሦስት ዓመት ልጅ ይህን ከየት ያውቃል? እናቱ መጣ ካለች መጥቷል። እሷ ተናግራ ረስታዋለች፣ እሱ መብራት ሲጠፋ ከጅቡ ጋር ብቻውን ይቀራል። ሌሊት ተነሥቶ አልጋችሁ ውስጥ ሲገባ «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» እንላለን።

የፖሊሱ ይብሳል። በ2015 እና በ2019 ልጆቻችን ለምን አደባባይ እንደወጡ ታውቃላችሁ። የትልልቆቹ ጣጣ ይበቃናል፤ በአራት ዓመቱ ሕፃን ላይ ከአሁኑ አንጫንበት። ገበያ መሀል የጠፋ ልጅ ማንን ይጠይቅ? ፖሊስ ልጅ የሚወስድ ከሆነ፣ ይደበቃል እንጂ 100 አይደውልም።

ደግሞ አዛካ አለ። ስዴሮት 15 ሰከንድ፣ አሽቀሎን 30 ሰከንድ ነው ጊዜው። በዚያች ሰዓት ልጁ የሚያየው የእናንተን ፊት ነው። በሐሰት ሲፈራ የኖረ ልጅ፣ «አይዞህ፣ ማማድ እንግባ፣ እዚህ ደህና ነን» ስትሉት በምን ይመናችሁ?

ታዲያ ምን እንበል? እውነቱን፣ በአጭሩ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ። «የመኝታ ሰዓት ደርሷል። መጫወት እንደፈለግህ አውቃለሁ፣ ነገ ትጫወታለህ።» ካለቀሰ አጠገቡ ቁጭ በሉ፤ ልቅሶ ያልቃል። ዕብራይስጤ አይበቃም ብላችሁ አትስጉ፣ በአማርኛ በሉት፤ ቃሉ ቢያመልጠው እንኳ ድምፃችሁን ይሰማል። በየማታው ቅደም ተከተሉ አንድ ይሁን፤ መታጠብ፣ ፒጃማ፣ ተረት፣ ሽማዕ፣ ከዚያ መብራት ማጥፋት። ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ልጅ ብዙ አይታገልም። መርፌ ያለበት ቀን «ትንሽ ያምሃል፣ እጅህን እይዝሃለሁ» በሉት። «ምንም አያምም» ማለትም ውሸት ነው፣ ከተወጋ በኋላ ያውቅባችኋል።

ጅቡን ግን ጨርሰን አንጣለው። በተረታችን ውስጥ ጅብ ሆዳምና ሞኝ ነው፤ ጦጣ ስታታልለው ልጅ ጭናችሁ ላይ ሆኖ ይሥቅበታል፣ ያ ጥሩ ነው። አያትየው «ጅቡ መጣ» ካሉ ደግሞ በልጁ ፊት አትቆጧቸው። «እማዬ፣ እስቲ ጦጣዋ ጅቡን ያታለለችበትን ተረት ንገሪው» በሏቸው። ከቤቱ ሰው ሁሉ አሳምረው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።